ቀዶ ጥገናው አለቀ፤ ከዚያስ?

ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት የያዘ ሰው ሁለት ዓይነት ልብ ያያል። አንደኛው የሯጮቹ ነው። በቱታ፣ በቡድን ሆነው በባሕር ዛፉ መሐል ሽው ይላሉ፤ ጫማቸው መሬት የነካ አይመስልም። ሁለተኛው ግን ካልነገሯችሁ አይታያችሁም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ነው። የሚያየው ነገር ኖሮ አይደለም። ትንፋሹ እስኪመለስ እየጠበቀ ነው፤ ስልኩን ያወጣው ሰው "ምን ሆነሃል?" ብሎ እንዳይጠይቀው ነው።

ያ ወጣት ጓደኛችን ነው። የካ ውስጥ አብረን አደግን። ልጆች ሳለን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አቀበቱ አጋማሽ ላይ ድንገት ቁጢጥ ይል ነበር። እኛም፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ "ሽንት ያዘህ እንዴ?" እያልን እንስቅበት ነበር። ነገሩ የገባን ካደግን በኋላ ነው። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለው ሕመም ያለባቸው ልጆች ልባቸው ውስጥ ቀዳዳ አለ፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው። ሲደክማቸው ቁጢጥ ይላሉ። እግራቸው ሲታጠፍ በደም ሥሮቻቸው ውስጥ ያለው ግፊት ይለወጥና ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ይጨምርላቸዋል። ይህን ሐኪምም እናትም አላስተማሯቸውም። ገላቸው ራሱ ነው ያስተማራቸው።

ጓደኛችን ዕድለኛ ነበር። ተራው ደረሰውና ባሕር ማዶ ተልኮ ልቡ ተጠገነ። ሲመለስ ከንፈሩ ቀልቶ ነበር። ሰፈሩ እልል አለ፤ እናቱም ስእለቷን አስገባች። ከዚያ በኋላ ኳስ ተጫወተ፣ ፈተና አለፈ፣ ሥራ ያዘ። የሕክምና ክትትሉን ግን እርግፍ አድርጎ ተወው። አበው "ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ" ይላሉ። እሱስ እግዜርን አልረሳም፤ የረሳው ቀጠሮውን ነው። ማን ይፈርድበታል? ዘመድ አዝማድ ሁሉ "እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ዳንክ" ብሎ ነው የተቀበለው።

ሃያዎቹን ሲያጋምስ ድካሙ ተመለሰ። ለወራት "ጨጓራ ነው"፣ "ደም ማነስ ነው"፣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያለ ቆየ። ወደ ሕክምና የመለሰው ሐኪም አልነበረም፤ እኛም አልነበርንም። ሠርግ ቤት ያገኛት ልጅ ናት። ከቀሚሷ አንገት በላይ ብቅ ያለውን የደረቷን ጠባሳ ሲያይ አላስቻለውም፤ "እኔም አለኝ" አላት። ገና ስሙን ሳትጠይቀው "ኢኮ የተነሣኸው መቼ ነው?" አለችው። መልስ አልነበረውም። በሳምንቱ ይዛው ሄደች። ከልቡ ወደ ሳንባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው በር እየላላ ደሙን ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። አሁን በክትትል ላይ ነው።

ዛሬ የምንለው ነገር ከዚህ የሠርግ ቤት ወግ ብዙ አይርቅም። ከልብ ሕመም ጋር ተወልዶ ለዐዋቂነት የበቃ ወጣት ሁሉ መንገዱን ቀድሞ የሄደ፣ ሥልጠና ያገኘ፣ ሲደወልለት ስልክ የሚያነሣ አንድ እኩያ ያስፈልገዋል። ይህን ለአጋጣሚ መተው የለብንም። የአቻ ለአቻ ምክር ከመድኃኒቱና ከቀዶ ጥገናው ጎን የሕክምናው አንድ ክፍል መሆን አለበት።

ያልተቆጠረው ትውልድ

በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት በልባቸው ላይ አንዳች የአፈጣጠር ችግር ይዘው ይመጣሉ። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት እንደሚወለዱ ይገመታል። በዝቅተኛው ብናሰላው እንኳ በየዓመቱ ከ24 ሺህ የማያንሱ ልጆች ናቸው። ሁሉም ከባድ አይደለም፤ አንዳንዱ ቀዳዳ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ደጋ መኖርም የራሱ ጣጣ አለው። ፒዲኤ የሚሉት ጉዳይ አለ፦ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት ያለበት የደም ቧንቧ ክፍት ሆኖ ሲቀር ማለት ነው። ኦክስጅን በሳሳበት ከፍታ ይህ የመከሰት ዕድሉ ከፍ ይላል። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃው ተቋቋመ። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ተስፋ ወደ ውጭ መላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 እስራኤል ውስጥ ሥራ የጀመረው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሀርት ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የልብ ሕክምና ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ልጆች አገራቸው ላይ፣ እናታቸው በር ላይ እየጠበቀቻቸው መታከም ቻሉ። ወረፋ የሚጠብቁት ግን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1995 የ5 ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ማዕከሉ ሲከፈት የ8 ዓመት ልጅ የነበረችው ዛሬ ሃያዎቹን ይዛለች። እነዚህ ሰዎች አድገዋል። የእኛ ወሬ ግን አላደገም። ስለ ልብ ሕመም ስናወራ ዛሬም የምናስበው ሕፃን ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ሕፃን ነው፤ የምናዋጣውም ለሕፃን ነው። ጢም ያበቀለ የልብ ሕመምተኛ ፎቶው የትም አይለጠፍም። በበለጸጉት አገሮች ከልብ ችግር ጋር ተወልደው ያደጉ ዐዋቂዎች ቁጥር የሕፃናቱን ካለፈ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዐዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል፤ ማኅበሩም ሥልጠና የወሰዱ አባላቱን ከአዲስ ታካሚ ጋር እያገናኘ ያማክራል። እኛ ዘንድ የጎደለው ይኸው ነው።

ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ

ሐኪም ደጅ ያለውን ሰልፍ የሚያውቅ ሐኪሙን አይወቅስም። ለአንድ ሰው ያለው ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ልብ አዳምጦ፣ ውጤት አይቶ፣ መድኃኒት ይጽፋል። ቀሪው ስድስት ወር የታካሚው ነው። ጥያቄዎቹ የሚመጡት ደግሞ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ነው።

ሰው ሠራሽ የልብ በር የገባላትን ልጅ ውሰዱ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ በየቀኑ ትወስዳለች። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል እንደሚቀንስ ተነግሯታል። ሑዳዴ ሲገባ ግን ቤቱ ሁሉ ጎመን ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ጎመኑ ድንገት ይጠፋና ዶሮው ይመጣል። የደሟ መጠን ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ቁም ነገሩ ጎመንን መሸሽ ሳይሆን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ማድረግ፣ ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ለሐኪም ነግሮ ደም መታየት ነው። ይህን ከአንድ ሑዳዴ በላይ በመድኃኒቱ ያሳለፈ ሰው በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነግራችኋል። ለራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝቶ ከዋርፋሪን ጋር መዋጥ ለደም መፍሰስ እንደሚያጋልጥም ይነግራችኋል።

ላሲክስ የታዘዘለትንም ልጅ አስቡት። ጠዋት ይውጥና መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። የሽንት መድኃኒት ነው፤ መንገድ ላይ ይይዘዋል፣ መጸዳጃ የለም። ሦስት ቀን ተሠቃይቶ በአራተኛው መድኃኒቱን ይተወዋል። ለሐኪሙ "እወስዳለሁ" ይላል፣ ስለሚያፍር። ቀድሞ ያየው ጓደኛ ቢኖረው "ዝም ብለህ አታቋርጥ፤ ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቀው" ይለው ነበር።

ስለ ጥርስ ማን ነግሮን ያውቃል? ድድ ውስጥ የገባ ተሕዋስ በደም ተጉዞ የተጠገነ ልብ ላይ ሊሰፍር፣ ለሞት የሚያደርስ ቁስለት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ጥርስን ማጽዳት ለዚህ ሰው የልብ ሕክምና ነው። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም "ልቤ ተሠርቷል" ማለት አለበት።

ከዚህም የሚከብደው አለ። ለእጮኛዬ መቼ ልንገራት? የሥራ ማመልከቻ ላይ ልጻፈው? ልውለድ? የመጨረሻው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ልባቸው ተጠግኖ በሰላም የወለዱ ብዙ ሴቶች አሉ። የሳንባ ደም ግፊታቸው ከፍ ላለባቸው ግን እርግዝና ሕይወታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል፤ ዋርፋሪንም ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ምክሩ ከማርገዝ በፊት መሰጠት አለበት። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ ይህን ጥያቄ በእናቷ ፊት ለወንድ ሐኪም አታነሣውም። ለእኩያዋ ግን በማታ ደውላ ትጠይቃለች።

እነዚያስ? ቀዳዳቸው ሳይዘጋ ዓመታት በማለፋቸው የሳንባቸው የደም ሥር የጠበበና የጠነከረባቸው፣ "አሁን ቀዶ ጥገና አይሆንም" የተባሉት? ብዙ ጊዜ ይህን ቃል ሰምተው ወደ ቤታቸው ገብተው በር ይዘጋሉ። በመድኃኒትና በጥንቃቄ ዓመታት እንደሚኖር ሊያሳያቸው የሚችለው እንዲያ እየኖረ ያለ ሰው ነው።

ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ ተምረነዋል

አቻ ለአቻ የሚለው ቃል ለእኛ ትውልድ እንግዳ አይደለም። ቃሉን ከኤች አይ ቪ ዘመን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ መድኃኒቱ ለብዙኃኑ ሳይደርስ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ወጥተው መቅድምን፣ ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሰውን ወደ ጤና ጣቢያ ያመጡት፣ ያቋረጠውን ፈልገው ያገኙት እነሱና መሰሎቻቸው ናቸው። በጤና ተቋማት ውስጥ የእናቶች ድጋፍ ቡድን ተቋቋመ፤ ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ሌላዋን እናት ያዘች።

እንጦጦ ይህን ታሪክ በቅርብ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ብዙ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም ጸበል አካባቢ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል የሚመስላቸው ጥቂት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ትልቅ ቃል ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቃል እያንዳንዱ ጎጆ ድረስ የገባው ሁለቱንም ይዞ ቆሞ በሚሄድ ጎረቤት አማካይነት ነው ብለን እናምናለን። ዛሬ በልብ ሕመም ምክንያት ወደዚያው ተራራ የሚወጣ ወጣት አለ። ኪኒኑን ለሱባዔው ሲል የሚያቆም አለ። "ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒንህንም ዋጥ" የሚለው ራሱ የሚጸበል የልብ ታካሚ ሲሆን ነው የሚሰማው።

ሌላም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1974 በተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የቀድሞ ታካሚዎች ነርሶችን እየረዱ አዲስ የሚመጡትን ያስታምማሉ። ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆና ከሐምሊኖቹ ዘንድ መጥታ፣ ከእነሱ ተምራ፣ ራሷ ቀዶ ጥገና የምትሠራ ባለሙያ ሆናለች። የታመመ ሰው ዕውቀት አለው የሚለው ሐሳብ ከውጭ የገባ አይደለም። እዚሁ ሲሠራ አይተነዋል።

"ግን እኮ…" ለሚሉን

"ሺዎች ቀዶ ጥገና እየጠበቁ ለምክር ገንዘብ ታወጣላችሁ?" የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አስቡት፤ አንድ ልብ በስንት መከራ፣ በስንት ሰው መዋጮ ይጠገናል። ከዚያ ልጁ ክትትሉን ትቶ፣ ወይም ደም ማቅጠኛውን አቋርጦ፣ ያ ሁሉ ድካም ይፈርሳል። አማካሪ የሚፈልገው የትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድና የጥቂት ቀናት ሥልጠና ነው። ይህ ወጪ የተሠራውን ልብ ይጠብቃል እንጂ ከወረፋው አይሻማም።

"ሐኪም ሳይሆኑ ሐኪም ይሆናሉ" የሚሉም አሉ። ይህ ስጋት የእኛም ነው። የመድኃኒት መጠን የሚቀይር አማካሪ አደገኛ ነው። ስለዚህ ወሰኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። አማካሪው መድኃኒት አያዝም፣ አያስቆምም፣ ውጤት አይተረጉምም። ለቀናት የቆየ ትኩሳት፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት፣ ያበጠ እግር፣ የቀረ የወር አበባ ከሰማ አንድ መልስ ብቻ አለው፦ "ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።" ወሬ ደግሞ ከእሱ አይወጣም፤ ሰፈር ውስጥ ትዳር በሚያስቀር ሕመም ላይ ምስጢር መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ያነሣው ያው ጓደኛችን ነው። "አማካሪው ቢሞትስ?" አለን። ዝም አልን። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ልባቸው የታመመ ሰዎች ስብስብ ነውና ሐዘን አይቀርለትም። የምናውቀው መልስ አንድ ነው። አማካሪዎቹም የሚያማክራቸው ባለሙያ ይኑራቸው፣ በወር አንዴ ተገናኝተው ሸክማቸውን ያራግፉ፤ ማንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ብቻውን ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ልጅም ሐዘን አልቀረለትም። የቀረበት የሚያጽናናው ሰው ነው።

ከየካ ይጀመር

ትልቅ ፕሮጀክት፣ ትልቅ ባነር፣ ትልቅ የሆቴል አዳራሽ አንጠይቅም። በየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ አሥር ፈቃደኛ ወጣቶች ይፈለጉ፤ አምስት ሴት፣ አምስት ወንድ። ሥልጠናውን የልብ ሐኪሞችና ነርሶች ይስጡ። አንድ አማካሪ ከአምስት ሰው በላይ አይያዝ። 18 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ታካሚ ከሕፃናት ክፍል ወደ ዐዋቂዎች ክፍል ሲሻገር ከወረቀቱ ጋር የአንድ አማካሪ ስልክ ይሰጠው፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው በዚያች መሸጋገሪያ ነውና። የደም ማቅጠኛ ምርመራው በተቻለ መጠን ለሰፈር ጤና ጣቢያዎች ይቅረብ። መሰብሰቢያውም፣ እባካችሁ፣ አቀበት ላይ አይሁን።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። "አትሩጥ፣ አትንካ፣ አትውጣ" እያላችሁ ያሳደጋችሁት ልጅ አድጓል። ከልብ ችግር ጋር ለተወለደ ለአብዛኛው ሰው በልኩ መንቀሳቀስ እንደሚጠቅመው ዛሬ ይታወቃል። ልኩን ሐኪሙ ይወስናል፤ ልኩን መኖር ግን ልምምድ ይጠይቃል። ጓደኛችንን ያቺ የሠርግ ቤት ልጅ ያስተማረችው ቀላል መለኪያ አለ፦ እየሄድክ ማውራት ካልቻልክ ፍጥነትህን ቀንስ። አሁን እሁድ እሁድ አብረው በሜዳው መንገድ ይሄዳሉ፤ እያወሩ። ሯጮቹ በጎናቸው ሽው ብለው ያልፋሉ። እነዚያ ሰዓት ይዞ የሚጠብቃቸው አሠልጣኝ አላቸው። ጓደኛችንም አሁን አንድ ሰው አለው።

ይህን የምታነቡ፣ ደረታችሁ ላይ ያ ጠባሳ ያለባችሁ እህት ወንድሞቻችን፣ ወይም በልጅነታችሁ "ልቡ ላይ ድምፅ አለ" ተብሎላችሁ የተረሳችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃችሁ። የሠርግ ቤቷ ልጅ ጥያቄ ነው።

ኢኮ የተነሣችሁት መቼ ነው?